ሆዳችሁን ከማማት ማዕዳችሁን መርምሩ

ወገኖች ሆይ፣ «ምንም አይሰማኝም» ማለትን የጤና ማስረጃ ማድረግ ይብቃችሁ። የደም ግፊቱ 160 በ100 የደረሰ ሰው እንደ ልቡ ሊሠራ፣ ሊስቅና ሊተኛ ይችላል። ግፊቱ ግን በዚያው ሰዓት የደም ሥሩን ግድግዳ እያደነደነ፣ የልቡን ጡንቻም ከልኩ በላይ እያሠራ ነው። በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ የሚጠራቀም ኮሌስትሮልም ለዓመታት አያምም። ሕመም እስኪነግራችሁ ከጠበቃችሁ የመጀመሪያው ምልክት ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተለኩ። ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ አትንኩ። ጀርባችሁን ተደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ፣ ክንዳችሁን በልባችሁ ትክክል አሳርፋችሁ 5 ደቂቃ ተቀመጡ፤ ሲለካም አታውሩ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ የሐኪም ነው።

ሌላው ወቀሳ በአንደበታችሁ ላይ ነው። የወፈረውን «ሆዳም» ትሉታላችሁ፤ የቀጠነውን ጤነኛ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። በሁለቱም ትሳሳታላችሁ። ቀጭን ሰው ግፊቱ ሊያሻቅብ፣ ኮሌስትሮሉም ሊበዛ ይችላል። የምግብ ፍላጎትም የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጨጓራ፣ በአንጀት፣ በስብ ሕዋሳትና በአንጎል መካከል የሚመላለስ የነርቭና የሆርሞን መልእክት አለ። ጨጓራ ሲለጠጥ ነርቭ ለአንጎል ይነግራል። ስብና ፕሮቲን የትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ሲደርሱ ሲሲኬ የሚባል ሆርሞን ይመነጫል። ምግቡ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የሚባሉት ተጨምረው የጨጓራን መፍሰስ ያዘገያሉ፤ ለአንጎልም በቂ መበላቱን ያስታውቃሉ። በባዶ ሆድ ከፍ ብሎ የነበረው ግሬሊን፣ የረሃቡ ሆርሞን፣ ዝቅ ይላል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ጥጋብ እስኪሰማ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ምሳውን በ7 ደቂቃ የጨረሰ ሰው ሁለተኛ ሳህን የሚያነሳው መልእክቱ ሳይደርሰው ነው።

እንግዲህ የምግቡ ዓይነት የሚፈርደው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት አለ። ሃያ ጎልማሶች ለ28 ቀናት በተቋሙ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ እምብዛም ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። በሁለቱም ወቅት የቀረበው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብ፣ በሶዲየም (በጨው ውስጥ ባለው ማዕድን) እና በአሰር (ፋይበር) መጠኑ ተመሳሳይ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል ብሉ ተባሉ። የተቀነባበረው ሲቀርብ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንት 0.9 ኪሎ ገደማ ክብደት ጨመሩ። በሌላው ወቅት ያንኑ ያህል ቀነሱ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ሆዳምነት የሰው ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለት ሳምንት መጥቶ በሁለት ሳምንት ባልሄደ ነበር። የተቀነባበረውን ምግብ ፈጥነው መብላታቸውም ተመዝግቧል። ለስላሳ ነው፤ ብዙ ማኘክ አይጠይቅም፤ በአንድ ጉርሻ ውስጥ የታጨቀው ካሎሪም ብዙ ነው።

ስለ ፍራፍሬ ጭማቂ የምታስቡትንም አርሙ። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ ሌላ ጥናት ያው የፖም ፍሬ በሦስት መልክ ቀረበ፦ ሙሉውን፣ ተፈጭቶ፣ ተጨምቆ። ጭማቂው ከሙሉው ፍሬ 11 እጥፍ ፈጥኖ ተጠጣ፣ የሰጠው ጥጋብም አነሰ። ከጭማቂው በኋላ ኢንሱሊን፣ የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን፣ ይበልጥ ከፍ አለ፤ የደም ስኳርም ከዚያ በኋላ ወደ ታች አሽቆለቆለ። ከጭማቂ በኋላ ቶሎ ለሚመለሰው ረሃብ ይህ መውረድ አንድ ምክንያት ይሆናል። ልጆቻችሁን ጤና አጠጣን ብላችሁ አትጽናኑ፤ ፍሬውን ስጧቸው፣ ያኝኩት።

የለስላሳ መጠጥ ነገር ከዚህም ይከፋል። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ የማርና የጭማቂ ስኳርም ተደምሮ፣ ከቀኑ ኃይል 10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 5 በመቶ በታች ቢሆን የተሻለ ነው ይላል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 እና 25 ግራም ነው። አንዲት ጣሳ መጠጥ የተሻለውን ልክ ብቻዋን አለፈችው። ሰውነትም ስኳርን ሲጠጣው እንደ ምግብ አይቆጥርላችሁም፤ በሚቀጥለው ገበታ ያንን ያህል ቀንሳችሁ አትበሉም። ትርፉ ጉበት ውስጥ ወደ ስብነት ይለወጣል፤ በደም ውስጥ ትራይግሊሰራይድ የሚባል ስብ ሆኖ ይዞራል። ሻያችሁ ውስጥ የምትጨምሩትንም ቁጠሩት። በሲኒ ሁለት ማንኪያ፣ በቀን አምስት ሲኒ ቢሆን 40 ግራም ነው።

ልብንና ሆድን በአንድ ጊዜ የሚያገለግል አንድ ነገር ብትፈልጉ አሰር ነው። እናንተ ግን ፈትጋችሁና ነፍታችሁ የምትጥሉት እሱኑ ነው። በውሃ የሚሟሟው አሰር፣ በተለይ በአጃና በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን፣ በአንጀት ውስጥ ወፍሮ የሐሞት አሲድን ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣል። ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ያስፈልገዋልና ከደም ይስባል፤ በዚህም ኤልዲኤል የሚባለው ጎጂ ኮሌስትሮል ይቀንሳል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤልዲኤልን በ5 በመቶ ገደማ ያወርዳል። ያው አሰር ታችኛው አንጀት ደርሶ በባክቴሪያ ሲብላላ የሚፈጠሩት አሲዶች ቀደም ብለን ያነሳናቸውን የጥጋብ ሆርሞኖች ያነሣሣሉ። ጎልማሳ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ያስፈልገዋል። አንድ ኩባያ ሙሉ የተቀቀለ ምስር፣ 200 ግራም ያህሉ፣ 15 ግራም ይሰጣል፤ ከነልጣጩ የተበላ ፖም 4 ግራም፤ 40 ግራም ደረቅ አጃም 4 ግራም ገደማ። በአንድ ቀን ከ10 ወደ 30 ግራም አትዝለሉ፤ ሆድ ይነፋል፣ ቁርጠት ይመጣል፣ ከዚያም «አልተስማማኝም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። በየሳምንቱ 5 ግራም ያህል ጨምሩ፤ ውሃም ጨምሩ፤ ያለ ውሃ አሰር ድርቀት ያመጣል። ጥራጥሬውን ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ዘፍዝፉና የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ፤ ጋዝ የሚያመጣው ስኳር በከፊል አብሮት ይሄዳል።

በዘይት ጉዳይ ላይ የምትታለሉት በማሸጊያ ጽሑፍ ነው። «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል የአትክልት ዘይት አይታችሁ ትገዛላችሁ። የአትክልት ዘይት ድሮስ መቼ ኮሌስትሮል ነበረው? ኮሌስትሮል የሚገኘው በእንስሳት ተዋጽኦ ነው። መታየት ያለበት ሳቹሬትድ የሚባለው የሚረጋው ስብ ነው፤ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም እንዳይለቅም የሚያዳክመው እሱ ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ፣ የኮኮናት ዘይት ከ80 በመቶ በላይ የሚረጋ ስብ ነው። የሱፍ ዘይት ወደ 10፣ የወይራ ዘይት ወደ 14 በመቶ ብቻ አላቸው። ለ2000 ኪሎ ካሎሪ ልኩ ከ22 ግራም በታች ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም ይይዛል፤ ሦስት ማንኪያ ሲሆን ልኩ ሞላ፤ ሥጋውና ወተቱ ገና አልተቆጠረም። ቅቤውን ቀንሳችሁ በነጭ ዱቄትና በስኳር ብትተኩት ግን ለልባችሁ ያተረፋችሁት የለም። ጥቅሙ የሚገኘው በፈሳሽ የአትክልት ዘይት፣ ጨው በሌለው ለውዝ፣ በጥራጥሬና በዓሣ ሲተካ ነው። ትራንስ ፋት ግን ልክ የለውም፤ ጨርሶ ይቅር። ፈሳሽ ዘይት ሃይድሮጂን በከፊል ተጨምሮበት ሲረጋ የሚፈጠር ነው፤ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ ጠቃሚውን ኤችዲኤልን ያወርዳል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ገደበችው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2018 ከምግብ ሁሉ እንዲወጣ ጥሪ አቀረበ። በማሸጊያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ካያችሁ መልሱት።

አሁን ወደ ጨው እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የምትደፍሩት እሱን ነውና። የጎልማሳ የቀን ልክ ከ5 ግራም በታች ነው፤ ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ በዳቦው፣ በአይቡ፣ በታሸገው ምግብ ውስጥ ያለውም እዚያው ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ሶዲየም ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ በደም ሥር የሚዞረው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ግፊት ይወጣል። «እኔ ጨው አላበዛም» የምትሉ ሁሉ ይህን አድርጉ፦ አንድ ኪሎ ጨው ስትከፍቱ ቀኑን በማሸጊያው ላይ ጻፉ። አራት ጎልማሶች ባሉበት ቤት የቀኑ ልክ በድምሩ 20 ግራም ነው፤ አንዱ ኪሎ ቢያንስ 50 ቀን መቆየት አለበት። ከውጭ የምትበሉት ሲታሰብ ደግሞ ከዚያ በላይ መሰንበት ይገባዋል። በ25 ቀን ካለቀ ክርክሩ አብቅቷል። ማሸጊያ ላይ «ሶዲየም» ተብሎ የተጻፈውን በ2.5 አባዙት፤ ጨው የሚሆነው ያ ነው። በ100 ግራም ምግብ ከ1.5 ግራም ጨው በላይ ካለ ብዙ ነው።

ስትቀንሱ በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። ምላስ ዝቅ ያለውን ጨው የሚለምደው በሳምንታት ነው፤ የምትጨምሩትን በየሁለት ሳምንቱ በሩብ እየቀነሳችሁ ውረዱ፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ጉድለቱን ይሸፍናሉ። ያን ጊዜ ድሮ የጣፈጣችሁ ምግብ ጨዋማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሮዝ ጨው፣ የባሕር ጨው እያላችሁም ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ በግራም ሲመዘን ሶዲየሙ ያው ነው፤ አዮዲን ካልተጨመረበት ደግሞ የተሻለ ሳይሆን የከፋ ነው።

የጨው ተቃራኒ ሆኖ የሚሠራው ፖታሲየም ነው፤ ኩላሊት ሶዲየምን በሽንት እንዲያስወጣ ያግዛል። በቀን 3510 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ይመከራል፤ ከጥራጥሬ፣ ከቅጠላ ቅጠል፣ ከድንችና ከሙዝ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1997 ውጤቱ የታተመው ዳሽ የተባለው የአመጋገብ ሙከራ 459 ሰዎችን ይዞ ነበር። ፍራፍሬና አትክልት የበዛበት፣ ስቡ የተቀነሰ ወተት የተጨመረበት፣ የሚረጋ ስብ ያነሰበት ምግብ፣ የጨው መጠን ሳይቀነስ እንኳ፣ ግፊት ያለባቸውን ሰዎች የላይኛውን ቁጥር በ11 ነጥብ ገደማ አወረደው። በ2021 ከቻይና 600 መንደሮች በተገኘ ውጤት ደግሞ ሩቡ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው የተጠቀሙት ሰዎች ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰላቸው። ነገር ግን ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው፣ ወይም ፖታሲየምን የሚያስቀር የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ይህን ጨው ከሐኪሙ ሳይማከር እንዳይነካ። በደም ውስጥ የተከማቸ ፖታሲየም የልብን ምት አዛብቶ ሊያቆም ይችላል።

ከማዕዱ ሸሽታችሁ ወደ ክኒን የምትሮጡትንም እንወቅሳችኋለን። የንጥረ ነገር እጥረት ልብን እንደሚጎዳ እውነት ነው። የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ልብን ያደክማል፣ እግርን ያሳብጣል። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ኬሻን በተባለ አካባቢ፣ አፈሩ ሴሌኒየም ስላነሰው ሕፃናትና ወላድ እናቶች በልብ ጡንቻ በሽታ ያልቁ ነበር። ይሁን እንጂ ያልጎደለውን መጨመር ጥበቃ አይሆንም። የቫይታሚን ኢ ክኒን በትላልቅ ሙከራዎች ልብን ሲጠብቅ አልታየም። ካሮት ውስጥ የሚገኘው ቤታ ካሮቲን በክኒን ሲሰጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ በታተመው የፊንላንድ ሙከራ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰርን አበዛ። ካሮትን የበላ ሰው ያላገኘውን ጉዳት ክኒኑ አመጣው።

ክብደት ለመቀነስ በረሃብ ራሳችሁን የምትቀጡም ስሙ። ስብ በፍጥነት ሲቀልጥ ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨው የጥጋብ ሆርሞን ሌፕቲን ይወርዳል፣ ግሬሊን ይወጣል፤ አንጎል ይህን እንደ ችጋር ቆጥሮ ፍላጎቱን ያበረታዋል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ መቀነስ ይበቃል። በየገበታው ፕሮቲን ይኑር፤ ከስብና ከስታርች ይልቅ የሚያጠግበው እሱ ነውና። አትክልቱንና ጥራጥሬውን አስቀድማችሁ፣ ዳቦውንና ሩዙን አስከትሉ፤ የደም ስኳር በዝግታ ይወጣል። እንቅልፍም አትስረቁ፤ ያልተኛ ሰው በማግሥቱ አብዝቶ መራቡ የተለመደ ነው።

አመጋገባችሁን ስታስተካክሉ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ። ግፊታችሁ የወረደው በመድኃኒቱና በምግቡ አንድ ላይ ነው፤ መጠኑን የሚቀንስላችሁ ሐኪም ይሁን። ዋርፋሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ የምትወስዱ ቅጠላ ቅጠል መድኃኒቱን በሚያዳክመው ቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ አንድ ሳምንት አብዝታችሁ አንድ ሳምንት አትተዉ፤ በየሳምንቱ ተመጣጣኝ ይሁን፤ ለውጥ ስታደርጉም ደማችሁን አስመርምሩ። ኮሌስትሮል የሚቀንሱትን ሲምቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን የምትወስዱ ደግሞ ግሬፕፍሩት ከሚባለው ብርቱካን መሰል መራራ ፍሬ ተጠንቀቁ፤ መድኃኒቱን የሚሰብረውን የአንጀት ኢንዛይም ስለሚያግድ መድኃኒቱ በደም ውስጥ በዝቶ ጡንቻን ይጎዳል። የጡንቻ ሕመም ወይም የጠቆረ ሽንት ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ።