የጋራ አዳራሻችንን በእጃችን እያፈረስነው ነው

የአዳማ ሰዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል።

ባለፈው እሁድ የእድር ስብሰባ ነበረን። እንደ ወትሮው የተቀመጥነው በሰፈራችን አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሒሳብ እስኪነበብ ድረስ ከፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ ላይ ያሉትን ምስማሮች መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ሦስት ላይ ስደርስ ተውኩት። ይህ እንግዲህ አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ያለው ነው። አንዱ የሰርግ መጋረጃ የተሰቀለበት፣ አንዱ የምርቃት ባነር የተወጠረበት፣ ሌላው የባዛር አምፖል የተንጠለጠለበት። ድግሱ ሲያልቅ ጨርቁ ይወርዳል፣ ምስማሩ ይቀራል። የሚነቀለው ደግሞ ልስኑን ይዞ ይመጣል። ከልስኑ ሥር ጭቃው፣ ከጭቃው ሥር ድንጋዩ አፍጥጦ ይታያል።

ያ ድንጋይ ተራ ድንጋይ አይደለም። የሰፈራችን ሽማግሌዎች እንደሚሉት ቤቱ በባቡሩ ዘመን የእህል መጋዘን ነበር። ጤፉና ቦሎቄው ከየገጠሩ በጋሪ እየመጣ እዚህ ይራገፋል፤ ከዚህ ተነስቶ ፉርጎ ላይ ይጫናል። ከተማችንን ከተማ ያደረጋት ባቡሩ መሆኑን መቼም አንረሳም። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ባቡር የቆመበት ቦታ ገበያ ይቆማል። ገበያ የቆመበት ቦታ መጋዘን ይሠራል። እኛ የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማዋ ናዝሬት ስትባልም፣ ተመልሳ አዳማ ስትባልም ቤቱ እዚያው ነበር። በ2009 አዲሱ ባቡር ሲመረቅም እዚያው ነው።

ቤቱ እህል ማከማቸት ቢያቆምም ሥራ አልፈታም። ስንቶቻችን ነን እዚያ የተዳርነው? ሐምሌ ላይ ድንኳኑ ሲያፈስ ስንቱን ለቅሶ ተቀመጥንበት? ልጆች የክረምት ትምህርት ተምረውበታል። የሕፃናት ክትባት ተሰጥቶበታል። ዕቁብ ወጥቶበታል፣ የተጣላ ታርቆበታል። አዳራሽ ለመከራየት አቅም የሌለው ሰው ልጁን በክብር የሚድርበት ቤት ከዚህ ሌላ የለውም።

ታዲያ ምን እያደረግነው ነው?

ሆቴል አዳራሽ ስንከራይ ምስማር እንመታለን? አንመታም። የከተማችን ትልቅ አዳራሽ ገልመ አባ ገዳ ገብተን መሬቱ ላይ ጉልቻ እንጎልታለን? አናደርገውም። ወጥ ከፈሰሰ እንኳን እናፍራለን። የራሳችን ቤት ስንገባ ግን እጃችን ይፈታል። ባለፈው ጥር በአንድ ሰርግ ላይ ዝናብ ሳይኖር፣ ግቢው ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ማገዶ ከአዳራሹ ውስጥ ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቱ ከደረቀ የእንጨት ኮርኒስ ሥር ነው። አንድ ብልጭታ ይበቃው ነበር። ተናግሬ "ዛሬ የደስታ ቀን ነው፣ አታካብድ" ተባልኩ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሞንታርቦውም ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ነው የሚቆመው። በየሰርጉ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው ያድራል። የተሰነጠቀ ልስን ይህን አይችልም። ሁለት ክንድ ወደ መሐል ሳቡት፣ ጭፈራው አይቀንስም።

በበጎ ሐሳብ የሚደረገው ጥፋት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ደግ ሰው ሲሚንቶ ገዝቶ የታችኛውን ግድግዳ አስለሰነ። ሁላችንም አጨበጨብን፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። አሁን ሄዳችሁ እዩት። ግድግዳው ከታች እያበጠ ልስኑ እየተገፈፈ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድንጋይና ጭቃ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ ከዚያ በፊቱ በኩል ወደ ውጭ ይተነፍሳል። የድሮ ግንበኞች በኖራ የሚለስኑት ኖራ ስለሚያስተነፍስ ነው። ሲሚንቶ ግን ይዘጋዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ጭቃውን ከውስጥ ያሟሟዋል። ስለዚህ ለጋሾቻችን ሆይ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ከማስለሰናችሁ በፊት የአሮጌ ቤት ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቁ። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነማ ሕግም አለው። የ1992ቱ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ጥገና እንዳይደረግ ይከለክላል። የእኛን ቤት ለማስመዝገብ እስካሁን አንድ ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው አላየሁም። የእድር ኮሚቴው ይህን ሥራ በዚህ ወር ይጀምር። ማመልከቻውን ለመጻፍ እኔ አለሁ።

"የመንግሥት ቤት ነው፣ መንግሥት ይጠግነው" የምትሉ አላችሁ። ስትደግሱበት ግን የመንግሥት ነው አትሉም። ያኔ "የእኛ አዳራሽ" ነው። "አርጅቷል፣ ይፍረስና ፎቅ ይሠራበት" የምትሉም አላችሁ፣ በተለይ ወጣቶቹ። ልጆቼ፣ ፎቁ ሲሠራ ኪራዩ ስንት እንደሚሆን ጠይቃችኋል? ጫማ ጠርጎ የሚያድረው ጎረቤታችን ለእናቱ ለቅሶ የሚቀመጥበት ቦታ ፎቁ ላይ ይሰጠዋል?

ብዙ ገንዘብ አልጠየቅኋችሁም። መጋረጃ የሚሰቅል ሰው ምስማር ትቶ ብረት ማቆሚያ ይጠቀም። ዲኮር የምታሠሩ ሰዎች ከሥራው በፊት ይህን ንገሯቸው፣ ካልተስማሙ ሌላ ፈልጉ። ማገዶ ግቢ ውስጥ ይንደድ። የሚደግስ ሰው ማስያዣ ያስይዝ፣ ግድግዳው ደህና ከሆነ ይመለስለት። ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው ተብሎ አይታለፍ።

ከሁሉ በፊት ግን አሸንዳው። በቅጠልና በአቧራ ተደፍኗል። አምና ውሃው ሞልቶ በግድግዳው አናት ሲገባ ሁላችንም ወንበራችንን ፈቀቅ አድርገን ስብሰባችንን ቀጠልን። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሰኔ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሥራው የግማሽ ቀን ነው። አካፋና ጆንያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ቆርቆሮ የሚያውቅ ልጅ ያላችሁ ልጁን ላኩ። መሰላል እኔ አለኝ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።