«ራሱ ነው ያልተጠነቀቀው» አትበሉን

ገላን፣ ዱከም ወይም ቃሊቲ ካለ ፋብሪካ አንድ ልጅ ጣቱን ማሽን ቆርጦት ሲወጣ መጀመሪያ የምንሰማው ያው ነው። «ራሱ ነው ያልተጠነቀቀው!» ሪፖርቱ ላይም «የጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ይጻፋል፣ ፋይሉ ይዘጋል፣ በማግስቱ ሌላ ልጅ እዚያው ማሽን ላይ ይቆማል። ይሄ ያናድደኛል። አደጋ የሚያመጣ አሠራር የት እንደሚፈጠር ቀድሞ መገመት ይቻላል እኮ። ግን የልጁን ጸባይ በመመርመር አይደለም።

ጥፋቱን ሠራተኛው ላይ መጣል የቆየ ነገር ነው። ሄንሪክ የሚባል አሜሪካዊ የኢንሹራንስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1931 ከ100 አደጋ 88ቱ ከሠራተኛው ድርጊት ይመጣል ብሎ ጻፈ። ያየው መዝገብ ግን የኢንሹራንስ ድርጅትና የፋብሪካ ባለቤቶች ያስቀመጡት ነበር። አለቃ በጻፈው ሪፖርት ላይ አለቃ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ስንቴ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ዞሃር የተባለ ተመራማሪ 20 የእስራኤል ፋብሪካዎችን አጠና። ሠራተኞቹ «አለቆቻችን ለደህንነታችን ምን ያህል ይጨነቃሉ?» ለሚለው ያላቸው ግምት፣ ተቆጣጣሪዎች ለፋብሪካው የደህንነት አሠራር ከሰጡት ደረጃ ጋር ተያይዞ አገኘው። ለኔ ዋናው ይሄ ነው። ፎርማኑ የማሽኑ መከለያ ተነስቶ እያየ ዝም ካለ፣ ኮታው ሲጎድል ግን ከጮኸ፣ ሠራተኛው ትምህርቱን ወስዷል፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «ደህንነት ይቀድማል» ማንም አያነበውም። መከለያው የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ በድፍረት አይደለም፣ ክሩ ወይም ብረቱ በተያዘ ቁጥር ከፍቶ መዝጋት ጊዜ ስለሚበላና ያ ጊዜ ከኮታው ላይ ስለሚቀነስ ነው።

ድካምም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን 8 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓትን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ይገድባል። ደሞዙ ለቤት ኪራይ እንኳ የማይበቃው ሰው ግን ኦቨርታይም ራሱ ለምኖ ይገባል። አዲስ ገቢውስ? ከገጠር መጥታ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቀጠረች ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከማንም በላይ ለጉዳት የተጋለጠች ናት፤ ማሽኑን ገና አልለመደችውም፣ ለመጠየቅም ትፈራለች።

ጓንት ብቻ አድሎ መሄድም መፍትሔ አይደለም። (ቶርኖና ድሪል ላይ ጓንት ራሱ አደጋ ነው፣ የሚሽከረከረው ነገር ይዞት እጅን ጭምር ይጎትታል።)

ያው አዋጅ ሠራተኛው አደጋ ሊያመጣ የሚችል ብልሽት ሲያይ ወዲያው እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ያሳወቀው ሰው «ሥራ አስቆመ» ብለው ከተቆጡት ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

ስለዚህ የፋብሪካ ኃላፊዎች፣ አደጋ እስኪደርስ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ማን ስንት ሰዓት ኦቨርታይም ገባ? የትኛው ማሽን ያለ መከለያ እየሠራ ነው? የሌሊት ፈረቃ ላይ ስንት አዲስ ልጅ አለ? ይሄን በየሳምንቱ መዝግቡ። ማሽን ለደህንነት ሲባል የቆመበትን ሰዓት ደግሞ ከሠራተኛው ኮታ ላይ አትቁጠሩበት።