ክንፍ ያበቀለው ሞተር ሳይክል

ከ2027 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሞቶ ጂፒ፣ ማለትም የዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም፣ ሕግ ይቀየራል። ኢንጂኑ ከ1000 ሲሲ ወደ 850 ይወርዳል። ሞተር ሳይክሉን በሩጫ መሀል ወደ አስፋልቱ ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ ይከለከላል። ክንፎቹን የያዘው የላይኛው የፊት ሽፋንም በ50 ሚሊ ሜትር ይጠባል። «ቴክኖሎጂን ወደ ኋላ መጎተት ነው» የሚሉ አልጠፉም። እኔ ግን ዘገየ እንጂ አልበዛም ባይ ነኝ።

የጣሊያኑ ሞተር ሳይክል አምራች ዱካቲ በ2015 አፍንጫው ላይ ትንንሽ ክንፎች ለጥፎ ሲመጣ መልኩ ያስቅ ነበር። ሥራው ግን አያስቅም። ተወዳዳሪው ከኩርባ ሲወጣ ጋዝ ሲሰጠው የፊት ጎማው ይነሳል፤ ያኔ ኮምፒዩተሩ ጉልበት ይቀንስበታል። ክንፉ አፍንጫውን ወደ ታች ሲጫነው ያ ጉልበት አይባክንም። ለ2017 ተለጣፊ ክንፍ ሲታገድ ፋብሪካዎቹ ከሽፋኑ ጋር አዋህደው በጓሮ በር አስገቡት። ቀጥሎ ጭራው ላይም በቀለ። በ2023 ተወዳዳሪው ብራድ ቢንደር ጣሊያን ውስጥ ባለው የሙጄሎ መወዳደሪያ ላይ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር በረረ።

ችግሩ ያለው ከኋላ ነው። ከፊት ያለው ሞተር አየሩን በጥብጦና አሙቆ ይለቀዋል። ተከታዩ የፊት ጎማው ይግላል፣ የጎማው ንፋስ ይጨምራል፣ ፍሬን ሲይዝ ጎማው መሬቱን አልጨብጥ ይለዋል። ቀጥታው መንገድ ላይ አንዳንዱ ጎማውን ለማቀዝቀዝ ወደ ጎን ወጣ ሲል ታያላችሁ። ሊቀድም እኮ አይደለም፤ አየር ፍለጋ ነው! እሽቅድምድም ማለት መቀዳደም ካልሆነ ምን ቀረው?

ደግሞ አዲስ ነገርም አይደለም። በ1950ዎቹ ጣሊያናዊው ሞተር ሳይክል አምራች ሞቶ ጉዚ ማንዴሎ ከተማ ላይ የራሱን የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሠርቶ ነበር። የያኔዎቹ ሞተሮች የፊት ጎማቸው ጭምር በሽፋን ይዋጥ ነበር። ፍጥነቱ ግሩም ነው፤ የጎን ንፋስ ሲመታቸው ግን ለመቆጣጠር ያስቸግራሉ። ከ1958 ጀምሮ ታገዱ። ስፖርቱ አልሞተም። እንዲያውም ዛሬ «የእሽቅድምድም ሞተር» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው መልክ፣ የፊት ጎማው ሙሉ በሙሉ የሚታየው፣ የዚያ እገዳ ልጅ ነው።

የዱካቲው መሐንዲስ ጂጂ ዳሊኛ ብልህ ሰው ነው፤ ሕጉ ክፍተት ካለው መጠቀሙ ሥራው ነው። ክፍተቱን መድፈን ደግሞ የሕግ አውጪዎቹ ሥራ ነው። በ1958 ቆርጠው ከልክለዋል። አሁን ግን ክንፉን አሳጥረው ትተውታል። እንግዲህ 50 ሚሊ ሜትር ማለት ሦስት ጣት አይሞላም። ዳሊኛን የመሰለ ሰው ያቺን ለማካካስ ስንት ወር ይፈጅበታል?