«ሰርቲን» ካርቱን የሆነው ማሽኑ ደክሞ አይደለም

አቦ፣ ስለ «ሰርቲን» (XIII) የተኩስ ጌም የጻፍከውን አየሁት። «ያኔ ማሽኑ አቅም ስላልነበረው ነው መልኩን ካርቱን ያደረጉት» ብለሃል። ይቺ ወሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጌም ቤቶች ውስጥም ስትዞር የኖረች ናት፣ ግን ልክ አይደለችም።

ጌሙ በፈረንጆቹ 2003 ወጣ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ኮል ኦፍ ዲዩቲም ወጥቷል፣ እሱ ደግሞ የለየለት እውነተኛ ጦርነት ለመምሰል የተሠራ ነው፣ ስለዚህ አቅም አልነበረም አትበለኝ። የጌሙ አሳታሚ ዩቢሶፍት ያንን የካርቱን መልክ አስቦበት ነው የመረጠው። ታሪኩ የተወሰደው በ1984 መውጣት ከጀመረ፣ ቫን ሃም ከጻፈውና ቫንስ ከሳለው የቤልጂየም ኮሚክስ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) ነዋ!

ደግሞ እስቲ ልብ ብለህ ተጫወተው። ጭንቅላት ስትመታ ስክሪኑ ላይ ትናንሽ የኮሚክስ ሳጥኖች ብቅ ብለው አመታትህን በቅርበት ያሳዩሃል። ከግድግዳ ጀርባ የሚንጎራደደው ጠባቂ ደግሞ ኮቴው «ታፕ፣ ታፕ» እያለ በፊደል ይታይሃል፣ አንተም እሱን እያየህ አድፍጠህ ትጠብቀዋለህ። ይሄ የአቅም ማነስ ነው? እንደ አዲስ የተሠራው ሪሜኩ እኮ በ2020 ስንት እጥፍ በሚበልጥ ማሽን ወጥቶም ተጫዋቹ አብጠልጥሎታል፣ እውነቱን ለመናገር ሲያንሰው ነው።