ማስተካከያ፦ «ድሮ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖር ነበር» ስላልኩት

ባለፈው ጽሑፌ «ድሮ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ይኖሩ ነበር፤ ቤተሰብን የበታተነው ፋብሪካ ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በብዙ አገር አብሮ መኖር የተለመደ ነበር፤ ዛሬም አለ። በሁሉም ቦታ ግን አልነበረም። የታሪክ ተመራማሪው ፒተር ላስሌት ከባልደረቦቹ ጋር የእንግሊዝን የድሮ የነዋሪ መዝገቦች አገላብጦ ነበር። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአንድ ቤት የሚኖረው ሰው በአማካይ 4.75 ገደማ ሆኖ አገኘው። ያኔ ፋብሪካ የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ደግሞም ሰው ቶሎ ይሞት ስለነበር፣ ብዙ ልጅ አያቶቹን ሳያውቅ ነበር የሚያድገው። ሦስትና አራት ትውልድ በሕይወት መገናኘት የበዛው ዕድሜ ከረዘመ በኋላ ነው።

ሌላው ስህተቴ ቤተሰብንና በቆጠራ «አባወራ» የሚባለውን፣ ማለትም በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩ ሰዎችን፣ አንድ አድርጌ መቁጠሬ ነው። የሕዝብ ቆጠራ ዋናው ጥያቄው ዝምድና አይደለም፤ ማን ከማን ጋር ይኖራል፣ ከማን ጋር ከአንድ ማዕድ ይበላል ነው። አንዲት እናት ከልጇ በር ፊት ለፊት ብቻዋን ብትኖርና ለብቻዋ ብታበስል፣ ሁለት ቤት ተብለው ይመዘገባሉ። የልጅ ልጆቿን ማታ ማታ ተረት እየነገረች የምታስተኛቸው ግን እሷው ልትሆን ትችላለች። «ብቻውን የሚኖር ሰው በዛ» ሲባል «ዘመድ አልባው በዛ» ማለት አይደለም። እኔ ግን እንደዚያ አድርጌ ነበር የጻፍኩት።