ማስተካከያ፦ ዳታ ሮሚንግ ሁሌ አይጠፋም

"ከአገር ስትወጡ ዳታ ሮሚንግ አጥፉ" የሚለው ቀደም ሲል የወጣው ምክር እንዳለ ከተወሰደ ሰውን ያለ ኢንተርኔት ያስቀራል። መስተካከል አለበት። ዳታ ሮሚንግ ማለት መስመራችሁ በሌላ ኦፕሬተር ኔትወርክ ኢንተርኔት እንዲጠቀም የሚፈቅደው የስልኩ ማብሪያ ነው።

ምክሩ የሚሠራው ለነባሩ መስመራችሁ ነው። ብዙዎቹ የመንገደኛ ኢሲሞች (በካርድ ፋንታ ስልኩ ላይ የሚጫኑ ሲሞች) ግን ራሳቸው የሚሠሩት በሮሚንግ ነው፤ የሌላ አገር ኦፕሬተር መስመር ሆነው በደረሳችሁበት አገር ኔትወርክ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ሮሚንጉን ስታጠፉት የኔትወርኩ ምልክት ከላይ ሞልቶ ይታያል፣ ኢንተርኔቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሰው ይሄኔ "ተበላሁ" ብሎ ኢሲሙን ይሰርዘዋል። እባካችሁ እንዳትሰርዙት! አንዴ የተጫነበት ኪውአር ኮድ ብዙ ጊዜ ድጋሚ አይሠራም።

ትክክለኛው አካሄድ ይኸው፦ ሁለቱም መስመሮች ክፍት ይሁኑ፣ ለዳታ ኢሲሙን ምረጡ፣ ሮሚንግ ለኢሲሙ ይብራ፣ ለነባሩ ሲም ይጥፋ። ነባሩን ሲም ማውጣት አያስፈልግም፤ የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው። ሁለት መስመር ያለው አይፎን ከሆነ ደግሞ ዳታው በራሱ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እንዲቀያየር የሚፈቅደውን ማብሪያ ዝጉት። ሳይታወቅ ሂሳብ ሊቆጥር የሚችለው እዚህ ጋም ነው።

"አውሮፓ ውስጥ ሮሚንግ ነፃ ነው" የተባለውም እንዲሁ በደፈናው ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያን ያስቀረው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የሚጠቅመው የዚያው ቀጠና ሲም ለያዘ ሰው ነው እንጂ፣ ከሌላ አህጉር ሲሙን ይዞ ለሚሄድ አይደለም። ስዊዘርላንድም በደንቡ ውስጥ የለችም፤ በባቡር ድንበሩን ስታቋርጡ ልብ በሉ።