እንግዳ ተቀባይ ወይስ ቁልፍ አቀባይ?

ባለፈው ክረምት እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከዋሽንግተን መጣች። የእኔ ቤት ስለማይበቃን ቦሌ አካባቢ ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ በኢንተርኔት ለአሥር ቀን ተከራየች። ንጋት ላይ ከአየር ማረፊያ ስንደርስ ቁልፉን ያገኘነው ከዘበኛው ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ናቸው፤ ቤቱን ያስተዳድራል የተባለው ሰው ደግሞ በስልክ ብቻ የሚገኝ ነው። በሁለተኛው ቀን፣ የትንሿ ልጅ ፀጉር በሻምፑ አረፋ እንደተሸፈነ፣ ቧንቧው አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ። ደወልን። "የሰፈሩ ፈረቃ ነው፤ ነገ ይመጣል" ብሎ ዘጋው። ፈረቃ መኖሩን እኛም አላጣነውም። ያጣነው የዚያን ሰፈር ቀን የሚነግረን ሰው ነው።

በአማርኛ እንግዳ ተቀባይ እንላለን። ቃሉ በራሱ መቀበልን ይጠይቃል፤ በር ላይ የሚቆም ሰው ከሌለ ማን ማንን ተቀበለ? አሁን በየከተማው የተስፋፋው ለአጭር ጊዜ ቤት የማከራየት ንግድ ግን ከዚህ ሥራ ውስጥ ያስተረፈው ቁልፍ ማቀበሉን ብቻ ይመስላል።

አጀማመሩ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤት ኪራይ የከበዳቸው ሁለት ወጣቶች፣ ብራያን ቼስኪ እና ጆ ጌቢያ፣ ለስብሰባ የመጡ ሦስት እንግዶችን በገዛ ሳሎናቸው በአየር በሚነፋ ፍራሽ ላይ አሳደሩ። በኢንተርኔት ቤት የሚያከራየው ድርጅት፣ ኤርቢኤንቢ፣ ስሙን ያገኘው ከዚያ ፍራሽና ከቁርስ (በእንግሊዝኛ "ኤርቤድ ኤንድ ብሬክፋስት") ነው። እንግዶቹ ያደሩት ሰው በሚኖርበት ቤት ነበር። ዛሬ በብዙ ከተሞች እንግዳውን የሚጠብቀው በር ላይ የተንጠለጠለ ባለቁጥር የቁልፍ ሳጥን ነው።

ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ በጥብቅ በሚያስፈጽመው ደንብ፣ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው መመዝገብና እንግዳው እስኪሄድ እዚያው ቤት አብሮ መቆየት አለበት፤ እንግዶቹም ከሁለት መብለጥ አይችሉም። የደንቡ ዓላማ የቤት እጥረትን ማቃለል እንጂ መስተንግዶን ማሻሻል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆቴሎችም ደስ ብሏቸዋል። ቢሆንም ሳያስበው ቃሉን ወደ ትርጉሙ መልሶታል። የጣሊያን አገር ውስጥ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የእንግዳው ማንነት ፊት ለፊት እንዲረጋገጥ አዝዞ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ አከራክሯል።

ለአዲስ አበባ የኒው ዮርክን ደንብ አልመኝም። ቤቱን አከራይቶ ባሕር ማዶ የሚኖር ወገን ብዙ ነው፤ እንግዳውም ቢሆን በቀን ሦስቴ በሩን የሚያንኳኳበት አይፈልግም። "ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ" የምንለው ልማዳችን ራሱ ከመንገድ ለገባ ሰው አንዳንዴ ቅጣት ነው። የሚፈለገው ልክ የሚያውቅ ሰው ነው።

በእኔ ኮንዶሚኒየም አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አንድ ክፍላቸውን ያከራያሉ። ፍሪጃቸው ላይ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ተለጥፏል፦ "ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ይመጣል። ቦይለሩን ከመታጠብዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ያብሩ። መብራት ከጠፋ መጀመሪያ የቆጣሪውን ካርድ እንይ፤ ይጥሩኝ።" ኮሪደሩ ላይ አራት ሰማያዊ ጀሪካን ሞልቶ ተደርድሯል። ቡና የሚያፈሉት በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንግዳው ካልፈለጋቸው ድምፃቸው አይሰማም። ባለቤቱ እንደ እሳቸው እዚያው መገኘት ካልቻለ፣ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ይቅጠር፤ ደመወዙንም ይክፈል። ጽዳት ሠራተኛዋ ወይም ዘበኛው በጎን በነጻ እንዲሠሩት መተው ግን የሰው ጉልበት መብላት ነው።

የእኛን ልጅ ፀጉር ያስለቀለቀውም ዘበኛው ነው። ከጎረቤት ግቢ ሮቶ ሁለት ጀሪካን ቀድቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ አወጣልን። እህቴ የሰጠችውን ብር በስንት ልመና ተቀበለ። አሜሪካ ስትመለስ ቤቱን የተከራየችበት የኢንተርኔት ድርጅት ለመስተንግዶው ስንት ኮከብ እንደምትሰጥ ጠየቃት። ጀሪካኑን አስባ አምስት ሰጠች። ኮከቡ የተመዘገበው ግን አይተናቸው በማናውቀው ባለቤት ስም ነው።